የሻደይ ኳስ

የአንድ የእግር ኳስ ቡድን ታሪክ ይጻፍ ሲባል ጸሐፊው አስቀድሞ የሚፈልገው ዋንጫውን ነው፤ ቀጥሎም የግብ አግቢዎቹን ስም፣ ከዚያም ያሸነፈበትንና የተሸነፈበትን ቀን ይጠይቃል። ነገር ግን ዋንጫ ያልነካ፣ በማንኛውም ሊግ መዝገብ ያልገባ፣ ስሙም ከአውራጃው ወሰን አልፎ ያልተጠራ ቡድን ታሪክ ይጻፍ ቢባል ከምን ይጀመራል?

ይህን ጥያቄ ያመጡብኝ የሰቆጣ ወጣቶች ናቸው። ወደ ትውልድ አገሬ ለጥየቃ በሄድሁ ጊዜ ሦስት ሆነው ካረፍሁበት ቤት መጡና «መምህር፣ የከተማችን የኳስ ታሪክ በአንድ ገጽ እንኳ ተጽፎ አላገኘንም። እርስዎ በዘመኑ የነበሩ ነዎትና ይጻፉልን» አሉኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «እጽፋለሁ» አልኋቸው። በ1963 ዓ.ም. በሰቆጣ ተማሪ ሳለሁ የቡድናችን ጸሐፊ ነበርሁና። እግሬ ለኳስ ሰነፍ፣ እጄ ለብዕር ፈጣን በመሆኑ ጓደኞቼ አንድ ደብተር ገዝተው «አንተ መዝግብ» ብለውኝ ነበር። በዚያ ደብተር የ11 ተጫዋቾችና የ4 ተጠባባቂዎች ስም፣ የየሳምንቱ የ5 ሳንቲም መዋጮ፣ የየግጥሚያው ውጤትና የቡድኑ ንብረት ሠፍሯል። ታሪክ ማለት በጽሑፍ የተያዘ ነገር ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ያሻል? ዳሩ ግን ደብተሩን መልሼ ባገኘሁት ጊዜ፣ ያን እምነቴን የሚያፈርሰው ቃል በዚያው ደብተር ውስጥ፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

ሰቆጣን ለማያውቅ አንባቢ አስቀድሜ ጥቂት ልበል። ከተማይቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በዋግ ተራሮች መካከል የተቀመጠች ጥንታዊት ከተማ ናት። በቀድሞ ዘመን ከአፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ ጨው ከሚራገፍባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከአለት የተፈለፈለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ከከተማይቱ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። ኽምጣኛ የሚናገረው የኽምራ አገውና አማርኛ ተናጋሪው በአንድ ገበያ ውሎ፣ በአንድ ማኅበር ጠጥቶ የሚኖርበት አገር ነው። በዚያ አገር ድንጋይ ሞልቷል፤ ሜዳ ግን ብርቅ ነው።

የእኛም ሜዳ፣ ሜዳ የተባለው ከሌላው ስፍራ የተሻለ ስለ ነበረ ብቻ ነው። አንዱ ጫፉ ወደ ኮረብታው የተንጠለጠለ፣ ሌላው ጫፉ ወደ ገደሉ የተንሸራተተ ስለ ነበር፣ ዕጣ የደረሰው አምበል የሚመርጠው ፀሐይን ወይም ነፋስን ሳይሆን ቁልቁለቱን ነበር። ከታችኛው ግብ በስተኋላ ገደል አለ፤ ከገደሉ ሥር ደግሞ ውሃ የሚቀዳበት ምንጭ ነበር። ኳሱ ወደዚያ በወረደ ቁጥር ጨዋታው ይቆማል፤ ተጫዋቹም ተመልካቹም በየድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ውሃ ሊቀዱ የወረዱት ልጃገረዶች ኳሱን ያነሡና አፋፉ ድረስ ይዘው ይወጡልን ነበር። አንዳንድ ቀን ቶሎ ይመለሳል፤ አንዳንድ ቀን እጅግ ይዘገያል። በዘገየ ጊዜ አምበላችን በአፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ይጮኻል፤ እኔም በደብተሬ «ኳስ በመዘግየቱ ጨዋታው 10 ደቂቃ ተቋረጠ» እያልሁ እጽፋለሁ።

እስከ 1962 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ የምንጫወተው በጨርቅ ኳስ ነበር። በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ቡትቶ ይጠቀጠቅና በሲባጎ ይጠፈራል። ሲደርቅ አይነጥርም፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። የቆዳ ኳስ ያየነው በሥዕል ብቻ ነበር፤ በ5 ሳንቲም መዋጮ ለመግዛትም ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆጠብ ነበረብን። መፍትሔው የመጣው ካላሰብነው ወገን ነው።

በዋግ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ነሐሴ 16 ቀን፣ የልጃገረዶች በዓል ይጀመራል። በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው በዓል በዋግ ሻደይ ይባላል፤ ስሙም ልጃገረዶቹ በወገባቸው ዙሪያ የሚያሥሩት የለምለም ሣር ስም ነው። ተቈነጃጅተውና ጓድ ሠርተው ከበሮ እየመቱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ የቤቱ ጌታም እንደ ዐቅሙ እህል ወይም ገንዘብ ይሰጣቸዋል። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ልጃገረድ ማንንም አታፍርም። በሌላ ጊዜ አንገቷን ደፍታ የምታልፍበትን አደባባይ፣ በሻደይ ሰሞን ቀና ብላ ትጨፍርበታለች። የተገኘው ስጦታ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል፤ የቀረም ቢኖር እነርሱው ይመክሩበታል።

በ1962 ዓ.ም. ሻደይ ታላቅ እኅቴ የአንዱ ጓድ መሪ ነበረች። በዓሉ ሲያበቃ ገንዘቡ ተቈጥሮ ከፊሉ እንደ ልማዱ ለቤተ ክርስቲያን ሄደ። የቀረው ምን ይደረግበት ሲባል ልጃገረዶቹ ተማክረው «ለወንድሞቻችን ኳስ ይገዛበት» አሉ። ከእናቶች መካከል «ሻደይ ታጥቃችሁ ያገኛችሁትን በእግር ሊጠልዙት?» ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። እኅቴ ግን ገንዘቡን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደችና ወደ ደሴ ለሚወርድ ነጋዴ አስረከበች። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ በጥቅምት 1963 ዓ.ም. ነጋዴው በቆረም በኩል ተመለሰ፤ ከበቅሎ ጭነቱም መካከል አንድ ቡናማ ቆዳ መዝዞ አወጣ። ኳሱ ተንፍሶ እንደ ደረቅ ቂጣ ጠፍጥፎ ነበር። የውስጡን ጎማ በየተራ በአፋችን ነፋነው፤ ጫፉን በክር ቋጠርን፤ ቆዳውንም በጠፍሩ አጠበቅነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ የአዲስ ቆዳ ሽታ አሽትቼ አላውቅም፤ ዛሬም የጫማ መደብር ስገባ ትዝ የሚለኝ ያ ቀን ነው።

እኅቴና ጓደኞቿ በሜዳው ዳር ቆመው ያዩን ነበር። በመጨረሻ ወደ መካከል ገባችና «እስቲ አንድ ጊዜ ልምታው» አለች። ሁላችንም ሳቅንባት። እኔም ሳቅሁ። እርሷ አልተቈጣችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጓደኞቿ ተመለሰች።

በዚያው ማታ የንብረት ዝርዝሩን ልሞላ ደብተሬን ከፈትሁ። «ከሻደይ ልጃገረዶች በስጦታ የተገኘ» ብዬ ልጽፍ ስል አምበላችን በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየና «ተው! የሴቶች ኳስ ሊሉን ነው» አለኝ። ከአጎራባች ከተማ ተማሪዎች ጋር ግጥሚያ ይዘን ነበርና ነገሩ እኔንም አሳፈረኝ። ስለዚህ በሒሳብ መዝገብ ላይ ያየሁትን አንድ ቃል ተዋስሁ። እንዲህም ጻፍሁ፦ «አንድ የቆዳ ኳስ፤ ከልዩ ልዩ ገቢ የተገዛ።» ቃሉን ያቀበለኝ ማንም አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ግጥሚያውን 3 ለ 1 ተሸነፍን። ከዚያም በኋላ ጥቂት አሸንፈን ብዙ ተሸንፈን ወደ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቆየን። ከዚያ የ1965 ዓ.ም. ረኃብ መጣ። ወሎን ያጠቃው ያ ረኃብ በእኛም ደጅ አለፈ፤ በዕረፍት ሰዓት ኳስ የሚያባርር ልጅ ታጣ፤ ከቡድናችን ገሚሱ ትምህርቱን ትቶ ሥራ ፍለጋ ተበተነ። እኔ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ሄድሁ። ደብተሩ በወላጆቼ ቤት ቀረ፤ እኔም እንደ ጠፋ ቈጠርሁት።

በየአገሩ እየተዛወርሁ ባስተማርሁባቸው ዓመታት፣ ከቡድኔ የቀረብኝ ነገር ቢኖር የክለቦችን ታሪክ የማንበብ ፍቅር ነው። ይበልጥ የምሻው የትልልቆቹን ድል ሳይሆን፣ ትልቅ የተባሉት ትንሽ በነበሩበት ጊዜ ምን ይመስሉ እንደ ነበር ማወቅ ነው። ከዚህም ንባብ አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ ኋላ በሰቆጣ ለገጠመኝ ነገር መንገድ የሚጠርግ ስለ ሆነ በአጭሩ ላውሳው።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ የተመሠረተው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በአራዳ ሰፈር ነው፤ መሥራቾቹም አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች ናቸው። ዘመኑን ልብ በሉ። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ወሰን ጥሶ ከገባ ሁለት ወር አልፎታል፤ ከአንድ ወር በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ደሴ በአውሮፕላን ተደብድባለች፤ በመጋቢት ሰቆጣ፣ በሚያዝያ ደግሞ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቁ። አገር በሚፈርስበት ሰዓት ሁለት የሰፈር ልጆች ቡድን ማቋቋማቸው ለአንዳንዱ ሰው ቧልት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ያ ቡድን በወረራው ዘመን ስሙን ለመለወጥ ተገድዶ፣ ነጻነት ሲመለስ ስሙን አስመለሰ። በደርግ ዘመን እንደ ገና ስሙ ተቀይሮ «አዲስ አበባ ቢራ» ተባለ፤ ከዚያም በኋላ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። ሁለት ጊዜ ስሙን የተነጠቀ ክለብ ሁለት ጊዜ የተመለሰው፣ ስሙን የሚያውቅ ሰፈር ስለ ነበረው ነው።

የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲደረግ የተሰለፉት 5 ቡድኖች ነበሩ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሌላ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ነው። እንግዲህ በአገራችን የመጀመሪያው ሻምፒዮን ዛሬ የት አለ? ወታደሮቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ቡድኑም አብሮ ሄደ። ያን ዓመት ያልቀናው ቅዱስ ጊዮርጊስ ግን የመጀመሪያውን የሻምፒዮንነት ክብር በ1942 ዓ.ም. እስኪያገኝ ድረስ ታግሦ ኖረ። ዋንጫ ክለብን አያኖርም፤ ክለብ ግን ከኖረ ዋንጫውን ያገኘዋል።

ከዚያ ከአራዳው ቡድን የወጣው ይድነቃቸው ተሰማ፣ ድምፁን በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጸው የዝነኛው ባለቅኔ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ፣ ኢትዮጵያን ከአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥራቾች መካከል ካሰለፉት አንዱ ሆነ። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ቡድናችን በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግን በአዲስ አበባ፣ በይድነቃቸው አሠልጣኝነትና በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት፣ ያንኑ ቡድን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረታ። ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፈበት ቀን ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበር። የአህጉር ታሪክ ከአንድ ሰፈር ሜዳ ሊነሣ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ከባሕር ማዶም አንድ ነገር ልጥቀስ። በቤልጅግ አገር፣ ስማቸው ከመንደራቸው ውጭ እምብዛም የማይታወቅ ትናንሽ ክለቦች ሞልተዋል። እ.ኤ.አ. በ1926 የአገሪቱ የእግር ኳስ ማኅበር ለእያንዳንዱ ክለብ የመዝገብ ቁጥር ሰጠ፤ ቁጥር 1 እ.ኤ.አ. በ1880 ለተመሠረተው ለአንትወርፕ ክለብ ደረሰ። በዝቅተኛው እርከን የሚጫወት የገጠር ቡድንም የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ አነስተኛ በሆነ መጠን ክለቡ የቈየ መሆኑ ይታወቃል። ደግሞም 50 ዓመት የሞላው ክለብ «ንጉሣዊ» የሚለውን የማዕረግ ስም መጠየቅ ይችላል። ለዚህ ማዕረግ የሚቈጠረው የድል ብዛት ሳይሆን የዕድሜ ርዝመት ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የሰቆጣው ቡድናችን ታወሰኝና «እኛስ ቁጥራችን ስንት ይሆን ነበር?» ብዬ በልቤ ጠየቅሁ።

ወደ ሰፈራችን ቀረብ ስንል ደግሞ የወልድያ ከተማ ክለብ አለ። ለዋግ ልጅ ወልድያ ጎረቤት ናት፤ ስለዚህም ክለቡ በ2007 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በፕሪሚየር ሊጉ ሲሰለፍ የእኛም ደስታ ነበር። በዚያው ዓመት ወረደ፤ በ2009 ዓ.ም. ተመለሰ። በዚያው ዓመት በጥር ወር ከ25 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝና በሼህ ሙሐመድ ሁሴን ዓሊ አል-አሙዲን ስም የተሰየመ ታላቅ ስታዲየም በከተማይቱ ተመረቀ። ሆኖም ክለቡ በ2010 ዓ.ም. እንደ ገና ወረደ። ይህን የምናገረው ጎረቤቴን ለመንቀፍ አይደለም። የወልድያ ሕዝብ ለቡድኑ ያለውን ፍቅር ማንም አይክደውም። የምለው ይህን ነው፦ ዋንጫ ብቻውን ክለብን እንደማያኖር ሁሉ ስታዲየምም ብቻውን አያኖረውም። የሚያኖረው ጎሉን ከሚያገባው በስተኋላ የቆመ ሰው ነው፤ ማሊያ የሚያጥብ፣ መዋጮ የሚሰበስብ፣ ልጁን «ሂድ ተጫወት» ብሎ ከእረኝነት የሚያሳርፍ። የእነዚህ ሰዎች ስም ደግሞ በመዝገብ አይገኝም።

ይህን ሁሉ አውቄ፣ ለተማሪዎቼም ደጋግሜ አስተምሬ፣ የራሴን ደብተር ግን ረስቼ ኖርሁ።

ወጣቶቹ ከእኔ በተለዩ ማግሥት እኅቴን «እታለም፣ አንድ ደብተር ነበረኝ፤ መቼም የለም» አልኋት። ምንም ሳትመልስ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። ሽፋኑ ረግፏል፤ ጠርዙን ምስጥ በልቶታል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል።

«እንዴት ተረፈ?» አልኋት።

«ራሱ መች ይተርፋል፤ እኔ አኖርሁት እንጂ» አለች። «በሰባ ሰባት ወደ ቆረም ስንሰደድ በእንስራ ከትቼ ከቤቱ ወለል ሥር ቀበርሁት። ስመለስ አወጣሁት። ከጥቂት ዓመት በፊት ጦርነቱ ሲመጣም እንዲሁ አደረግሁ። የወንድሜ ጽሕፈት ነው፤ መቼም አንድ ቀን ይጠይቀኛል ብዬ ነው።»

እኅቴ ማንበብ አትችልም። ከ50 ዓመት በላይ ያኖረችውን ደብተር ውስጡ ምን እንዳለ አታውቅም ነበር። «በል አንብብልኝ» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች።

ማንበብ ጀመርሁ። የተጫዋቾቹን ስም አንድ በአንድ ስጠራ እርሷ በየስሙ መካከል ትገባለች። «እርሱ በሰባ ሰባት በሠፈራ ወደ መተከል ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ልጆቹ ግን ደኅና ናቸው አሉ።» «እርሱ ወታደር ሆኖ ከኤርትራ አልተመለሰም።» «እርሱን ታውቀዋለህ፤ ባለፈው ዓመት ነው የቀበርነው፤ ነፍሱን ይማር።» ስማቸው በእኔ ደብተር፣ ዕጣቸው በእርሷ ልብ ተጽፎ ኖሯል። ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ ነው ታሪክ የሚባለው።

ከዚያ ወደ ንብረት ዝርዝሩ ደረስሁ። ሁለት የግብ እንጨት። አንድ ፊሽካ። «አንድ የቆዳ ኳስ፤ ከልዩ ልዩ ገቢ የተገዛ።»

«ቆይ» አለች። «ልዩ ልዩ ማለት ማነው?»

ዝም አልሁ።

«ማነው እርሱ? እኔ አላውቀውም። ኳሱን የገዛነው እኛ ነና።»

በ50 ዓመት የመምህርነትና የጡረታ ኑሮዬ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄአለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አልገጠመኝም። የሆነውን ሁሉ ነገርኋት፤ አምበላችን ያለውን፣ እኔም ማፈሬን። ትቈጣለች ብዬ ስጠብቅ ሣቀች። «እናንተማ ሕፃናት ነበራችሁ» አለች። ከዚያም ሣቋ ቀስ እያለ ቆመና «ግን የሞቱት አሉብኝ፤ እነርሱስ በምን ይታወሱ?» አለች።

«ስማቸውን ንገሪኝ» አልሁ። ብዕር አወጣሁ። በጓዱ ውስጥ በቆሙበት ቅደም ተከተል፣ ከከበሮ መቺዋ ጀምራ 9 ስም ቈጠረችልኝ። ከ9ኙ 5ቱ በሕይወት የሉም። አንዷ በስደት መንገድ ላይ፣ አንዷ በወሊድ ያረፉ ናቸው። ስሞቹን በዚያው ደብተር፣ በዚያው ገጽ ኅዳግ ላይ ጻፍሁ። «ልዩ ልዩ ገቢ» የሚለውን ግን አልሰረዝሁትም፤ ጥፋቴ ከነማስተካከያው ይታይ ብዬ ነው።

ደብተሩን ስዘጋ እኅቴ አንድ ነገር ጨመረች።

«ያ ኳስ ወደ ምንጩ ሲወርድ ለምን ይዘገይ እንደ ነበር ታውቃለህ?»

«መንገዱ ዳገት ነዋ።»

«ዳገትስ ዳገት ነው። እኛም እንጫወት ነበር እንጂ» አለች። «እናንተ ከላይ ስትጮኹ እኛ ከታች እንስራችንን ዐሥር ጊዜ እንሞላለን፤ አንዷ መንገዱን ትጠብቃለች፤ የቀረነው እንጠልዘዋለን። እኔ በግራ እግሬ ነበር የምመታው።»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በደብተሬ ውስጥ 7 ጊዜ «ኳስ በመዘግየቱ ጨዋታው ተቋረጠ» የሚል ተጽፏል። ጨዋታው ግን አልተቋረጠም ነበር። እኔ በማላይበት ስፍራ ቀጥሎ ነበር። አንድ ጊዜ ልምታው ብላ የተሣቀባት ልጅ ስንት ጊዜ እንደ መታችው የሚናገር መዝገብ የለም። የአገራችን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን፣ ሉሲ፣ በመስከረም 1997 ዓ.ም. በአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮና አራተኛ ሲወጣ ብዙዎቻችን «ከየት መጡ?» ብለን ተደንቀን ነበር። እኔም ከተደነቁት አንዱ ነበርሁ። አሁን ግን ከየት እንደ መጡ በጥቂቱ የገባኝ ይመስለኛል። በየገደሉ ሥር፣ በየምንጩ ዳር፣ ማንም ሳይመዘግብላቸው የተጫወቱ እናቶች ነበሯቸው።

ለወጣቶቹ የጻፍሁትን ባስረከብሁ ጊዜ አንደኛው የመጀመሪያውን ገጽ አየና ግራ ተጋባ። «መምህር፣ ይህ የሴቶች ስም ነው። የተጫዋቾቹ ዝርዝር አይቀድምም?» አለኝ። የተጫዋቾቹ ዝርዝር በ3ኛው ገጽ እንዳለ አሳየሁትና፣ ኳስ ሳይኖር ተጫዋች እንደማይኖር፣ ስለዚህም ኳሱን የገዛው እንደሚቀድም ገለጽሁለት። ጥቂት አሰበና «አያቴም ሻደይ ትጨፍር ነበር። ስሟ ይኖር ይሆን?» ብሎ ገጹን እንደ ገና ማንበብ ጀመረ። አያቱ ከ9ኙ መካከል አልነበረችም። እርሱ ግን ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ወደ እርሷ እንደ ሄደና ስለ ልጅነቷ ዘመን እንደ ጠየቃት ኋላ ሰማሁ።

ይህ መጽሔት በመምህራን፣ በኪነ ጥበብ ሰዎችና በየደረጃው ባሉ የሕዝብ አገልጋዮች እጅ የሚገባ ነውና አንድ ማሳሰቢያ ይፈቀድልኝ። በየወረዳው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየማኅበሩ የቆዩ መዝገቦች አሉ። የኪነት ጓድ፣ የኳስ ቡድን፣ የዕድር፣ የመሠረተ ትምህርት መዝገብ ሊሆን ይችላል። እነዚህን መዝገቦች የምታነብቡ ሁሉ «ልዩ ልዩ ገቢ» ከሚለው መሥመር ላይ ስትደርሱ ዐይናችሁ አልፎ አይሂድ። እዚያ ቆሙና እኅቴ እንደ ጠየቀች «ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚመልስላችሁ ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቁ። መዝጋቢዎቹም ብንሆን እንደ እኔ 50 ዓመት አንዘግይ።

የሰቆጣው ቡድናችን የመዝገብ ቁጥር የለውም፤ ዋንጫም አልነበረውም። የመጀመሪያ ገጹ ግን አሁን ተስተካክሏል። ታሪኩ ግጥሚያ ካደረገበት ቀን አይጀምርም። በነሐሴ 1962 ዓ.ም.፣ በሻደይ ማግሥት፣ 9 ልጃገረዶች ገንዘባቸውን ቈጥረው ከተማከሩበት ሰዓት ይጀምራል።